ህዋስ ቁም ጸሐፊ አይደለም፤ ስለ ዲኤንኤ መባዛት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ዲኤንኤ ራሱን የሚያባዛው ቁም ጸሐፊ ዳዊት እንደሚገለብጥ ነው፤ አብነቱ ሳይነካ በቦታው ይቀመጣል፣ አዲሱ መጽሐፍም ከጎኑ ተጽፎ ይወጣል።» ይህ ዓረፍተ ነገር በዚህ ዓመት በጎንደር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እጅ በሚዘዋወር ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ መግቢያ ላይ የሰፈረ ነው። እኔ ያየሁት አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ በፈተና የነሳኋትን ሁለት ነጥብ ለማስመለስ ይዛው በመጣች ዕለት ነበር። መልሷ ከጽሑፉ ጋር ቃል በቃል ስለሚስማማ፣ ተሳስተሻል መባሏ ግራ ቢያጋባት አይፈረድባትም። ወረቀቱ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ፎቶኮፒ ቤቶች በአንዱ ተባዝቶ፣ ቅጂው ደግሞ እንደገና ተባዝቶ፣ የመጨረሻው ገጽ ለማንበብ እስኪያስቸግር ድረስ ደብዝዞ ነበር። ጸሐፊው ስለ ህዋስ የተናገሩት ምሳሌ በትክክል የሚሠራው ለዚህ ለፎቶኮፒው ነው፤ ዋናው ከነሙሉነቱ ባለቤቱ ዘንድ ይቀራል፣ ቅጂው ግን እየደበዘዘ ይሄዳል።

ጸሐፊው ስማቸውን ስላላሰፈሩ ማንነታቸውን አላውቅም። ስለ አራቱ የዲኤንኤ ፊደሎች፣ ማለትም ስለ አዴኒንና ታይሚን፣ ስለ ጓኒንና ሳይቶሲን ጥንድነት የጻፉት ትክክል ነው፤ አማርኛቸውም ያማረ ነው። ምላሽ እንድጽፍ የገፋፋኝም ይኸው ማማሩ ነው፤ ተማሪዎቹ ምሳሌውን ከመማሪያ መጽሐፋቸው ይልቅ አጥብቀው ይዘውታልና። ከመግቢያው ቀጥሎ ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፤ ድርቡ ፈትል ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እንደ ዚፕ እየተከፈተ እስከ ሌላው ጫፍ ይዘልቃል፣ ሁለቱ አዳዲስ ፈትሎችም መሳ ለመሳ በአንድ አቅጣጫ ይጻፋሉ፤ ሥራውን ሁሉ ዲኤንኤ ፖሊሜሬዝ የተባለ አንድ ኢንዛይም (በህዋስ ውስጥ ኬሚካላዊ ሥራ የሚያከናውን ፕሮቲን) ይሠራዋል፤ ተፈጥሮ ስለማትሳሳት ቅጂው አንዲት ነጥብ አይስትም፣ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ፊደሎች መለወጥ) የሚመጣውም ከውጭ፣ በፀሐይና በኬሚካል ብቻ ነው፤ በሕይወት ያለ ህዋስ ሁሉ ይህን በየቀኑ በአንድ ዓይነት መንገድ ያደርጋል፤ በላቦራቶሪ ዲኤንኤን ለማባዛት የሚሠራበት ፒሲአር የተባለው ዘዴም ከዚሁ አንድ ነው። በእኔ ግምት ከእነዚህ ስሕተቶች የሚበዙት የተወለዱት ከቁም ጸሐፊው ምሳሌ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ።

ቁም ጸሐፊ አብነቱ ላይ «ሀ» ሲያይ ብራናው ላይ «ሀ» ይጽፋል። በህዋስ ውስጥ ዲኤንኤ ሲባዛ ግን እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ አካል የለም። አዴኒን ባለበት ፊት ለፊቱ ታይሚን፣ ጓኒን ባለበት ፊት ለፊቱ ሳይቶሲን ይገባል፤ አዲስ የተሠራው ፈትልም የአሮጌው ግልባጭ ከሚባል ይልቅ የአሮጌው ጥንድ ቢባል ይሻላል። ለክፍሌ የምሰጠው ምሳሌ ጫማ ነው። የአንድ ጥንድ ጫማ ቀኙና ግራው ተለያይተው ለሁለት ጫማ ሰፊዎች ቢሰጡ፣ ቀኙ የደረሰው ሰፊ ልኩን አይቶ ግራውን፣ ግራው የደረሰውም ቀኙን ይሰፋል። በመጨረሻ ሁለት ጥንድ ጫማ ይኖራል፤ ከሁለቱ ጥንዶች ግን «ይህ ዋናው ነው፣ ያኛው ቅጂው ነው» የሚባል አይገኝም፤ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ እግር ይዟልና። ዲኤንኤም እንዲሁ ነው። አብነቱ ሳይነካ በቦታው መቀመጡ ቀርቶ ለሁለት ይከፈላል፤ እኩሌታው ወደ አንዱ ልጅ ህዋስ፣ እኩሌታው ወደ ሌላው ይሄዳል።

ጸሐፊው የሣሉት ሥዕል ግን ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሮዛሊንድ ፍራንክሊንና በሞሪስ ዊልኪንስ ቤተ ሙከራ የተገኘው የኤክስሬይ ማስረጃ በእጅጉ ረድቷቸው የዲኤንኤን ቅርጽ ሲያሳትሙ፣ የጥንዶቹ መገጣጠም የመባዛቱንም ዘዴ እንደሚጠቁም በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው አለፉ። በቀጣዮቹ ዓመታት በሊቃውንቱ መካከል ሦስት መላ ምቶች ይከራከሩ ነበር። አንደኛው ጸሐፊው ያቀረቡት ነው፤ አሮጌው ድርብ ፈትል እንዳለ ይቀራል፣ አዲሱ ድርብ ፈትል ሙሉ በሙሉ አዲስ ይሆናል። ሁለተኛው እላይ በጫማ የመሰልኩት ነው። ሦስተኛው፣ ማክስ ዴልብሩክ ያቀረቡት፣ አሮጌውና አዲሱ በየቦታው ተቆራርጠው በሁሉም ፈትሎች ላይ ይደባለቃሉ የሚል ነበር። ዴልብሩክን ወደዚህ የመራቸው እንዲያ የተጠማዘዘ ረጅም ፈትል ሳይቆረጥ እንዴት ይፈታል የሚለው ጥርጣሬያቸው ነው፤ ጥርጣሬው ሞኝነት እንዳልነበረ ከታች ስለ ኢንዛይሞቹ ስናገር እመለስበታለሁ።

ክርክሩን የዘጉት ማቲው ሜሰልሰንና ፍራንክሊን ስታል ናቸው፤ ሥራቸውን ያሳተሙት በ1958 ነው። ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ከተለመደው ናይትሮጅን በሚከብደው በናይትሮጅን 15 ብቻ ለብዙ ትውልድ አሳደጉት፤ በዚህም የባክቴሪያው ዲኤንኤ ሁሉ ከባድ ሆነ። ከዚያ ወደ ተራው ናይትሮጅን 14 አዛውረው፣ ባክቴሪያው በተከፈለ ቁጥር ናሙና እየወሰዱ፣ ዲኤንኤውን በሲዚየም ክሎራይድ ጨው ውስጥ በኃይለኛ ሴንትሪፊውጅ ለሰዓታት አሽከረከሩት። በዚህ ጨው ውስጥ ከባዱ ዲኤንኤ ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ላይ ቦታውን ይዞ ይቆማል። የቁም ጸሐፊው ምሳሌ እውነት ቢሆን ኖሮ ከአንድ ትውልድ በኋላ ሁለት መስመር መታየት ነበረበት፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ ከባድ የሆነው አብነት፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ ቀላል የሆነው ቅጂ። የታየው ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ እርሱም ከሁለቱ መካከል። የመጀመሪያው መላ ምት በዚህች መስመር ወደቀ። ከሁለት ትውልድ በኋላ ግማሹ ዲኤንኤ በመካከለኛው ቦታ ሲቆይ ግማሹ በቀላሉ ቦታ ታየ፤ በዚህም የዴልብሩክ ድብልቅ ወደቀ፤ ሁሉም ቢደባለቅ ኖሮ እንደገና አንድ መስመር ብቻ፣ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ መታየት ነበረበትና። መካከለኛውን ዲኤንኤ አሙቀው ሁለቱን ፈትሎች ሲያላቅቋቸውም አንዱ ከባድ፣ ሌላው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሙከራ በሥነ ሕይወት ታሪክ ውስጥ ብዙ አላውቅም።

ባክቴሪያ ሩቅ የሚመስለው አንባቢ ካለ ባቄላ አለለት። ኸርበርት ቴይለርና ባልደረቦቻቸው በ1957፣ ማለትም ከሜሰልሰንና ስታል አንድ ዓመት ቀድመው፣ የባቄላ ሥር ጫፍን በራዲዮአክቲቭ ታይሚዲን (ታይሚን ባለበት የዲኤንኤ ግብዓት) አጠጥተው፣ የራዲዮአክቲቩ ምልክት ከአንድ ክፍፍል በኋላ በሁለቱም እኅትማማች የክሮሞዞም ክሮች ላይ፣ ከሁለተኛው ክፍፍል በኋላ ግን በአንዱ ላይ ብቻ እንደሚታይ አሳይተዋል። ነገሩ ጫማዎቹን ያስታውሳል። እንግዲህ ነገሩ የትናንት ግኝት አይደለም፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ የተከፈተው በ1954 ነውና፣ ይህ እውቀት ዕድሜው ከከተማችን ከፍተኛ ትምህርት ጋር ይቀራረባል።

ወደ አቅጣጫው ጉዳይ ልለፍ። ጽሑፉ በሦስተኛው ገጽ ባለው ሥዕል ሁለቱንም አዳዲስ ፈትሎች ወደ ቀኝ በሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶች ያሳያል። ሁለቱ የዲኤንኤ ፈትሎች ግን በአንድ አልጋ ላይ ራስጌና ግርጌ ሆነው እንደተኙ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የአንዱ ራስ ባለበት የሌላው እግር አለ። የኬሚስትሪ ሰዎች አንዱን ጫፍ አምስት ፕራይም፣ ሌላውን ሦስት ፕራይም ይሉታል። ዲኤንኤ ፖሊሜሬዝ አዲስ ኑክሊዮታይድ (አንድ የዲኤንኤ ፊደል የያዘ ቁራጭ) መጨመር የሚችለው በሦስት ፕራይም ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ በሌላው ጫፍ ላይ የሚጨምር ዲኤንኤ ፖሊሜሬዝ አይታወቅም። ስለዚህ ድርቡ ፈትል ሲከፈት፣ መክፈቻው ወደሚሄድበት አቅጣጫ አብሮ መጓዝ የሚችለው ከሁለቱ አዳዲስ ፈትሎች አንዱ ብቻ ነው።

ሌላኛውስ? ከፒያሳ ወደ አዘዞ አንድ መንገድ እየተከፈተ ነው እንበል፤ በግራና በቀኙ ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ሁለት ቡድኖች አሉ። የመጀመሪያው ቡድን ፊቱን ወደ አዘዞ አዙሮ መንገዱ በተከፈተለት መጠን ሳያቋርጥ ያነጥፋል። ሁለተኛው ቡድን ግን ፊቱን ወደ ፒያሳ አዙሮ ብቻ እንዲያነጥፍ ታዟል። እንግዲህ ይህ ቡድን ጥቂት መንገድ እስኪከፈት ጠብቆ፣ ወደ ፊት ሮጦ መክፈቻው አጠገብ ይደርስና ወደ ኋላ እያነጠፈ ቀድሞ ካነጠፈው ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ ተነሥቶ እንደገና ወደ ፊት ይሮጣል። ሥራው ቁርጥራጭ መሆኑ ግድ ነው፤ ቁርጥራጮቹንም በኋላ ሌላ ሰው ያገጣጥማቸዋል። ይህን በሙከራ ያሳዩት በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ባልና ሚስት ሬይጂና ጹኔኮ ኦካዛኪ ናቸው። በ1968 ባሳተሙት ሥራ ለባክቴሪያ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ራዲዮአክቲቭ ታይሚዲን ሰጥተው አዲስ የተሠራውን ዲኤንኤ ሲለኩ አጫጭር ቁርጥራጮች አገኙ፤ ጊዜ ሲሰጡት ግን ቁርጥራጮቹ ተገጣጥመው ረጅም ሆኑ። ቁርጥራጮቹ በባክቴሪያ ከ1,000 እስከ 2,000፣ በሰው ህዋስ ከ100 እስከ 200 ገደማ ኑክሊዮታይድ ይረዝማሉ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የኦካዛኪ ቁርጥራጮች ተብለው ይጠራሉ። ሬይጂ ኦካዛኪ በሂሮሺማ ልጅ ሳሉ የአቶም ቦምቡ ጨረር ደርሶባቸው ነበር፤ በ1975 በ44 ዓመታቸው በደም ካንሰር ሲያርፉ ሥራውን ባለቤታቸው ቀጠሉበት።

«ከአንድ ጫፍ ጀምሮ» የሚለውን ለማፍረስ ሙከራ እንኳ አያስፈልግም፤ ማካፈል ይበቃል። የሰው ትልቁ ክሮሞዞም፣ አንደኛው፣ ወደ 250 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥንዶች አሉት። በሰው ህዋስ የመባዛቱ ፍጥነት በአንድ መገንጠያ (ድርቡ ፈትል እየተከፈተ በሚባዛበት ቦታ) በሴኮንድ 50 ገደማ ጥንድ ነው። ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ ሌላው ጫፍ ለመድረስ አምስት ሚሊዮን ሴኮንድ፣ ማለትም 58 ቀን ያህል ይፈጅ ነበር። ሥራው ግን የሚያልቀው በስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ምስጢሩ ህዋሱ መካከል ለመካከል በብዙ ቦታ መጀመሩ ነው፤ በአንድ የሰው ህዋስ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መነሻ ቦታዎች አሉ፣ ከእያንዳንዱም ሁለት መገንጠያዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ። የኢ. ኮላይ ዲኤንኤ ደግሞ ክብ ስለሆነ ጭራሹን ጫፍ የለውም። 4.6 ሚሊዮን ጥንዶቹን ከአንዲት መነሻ በሁለት አቅጣጫ፣ በሴኮንድ 1,000 ገደማ ፍጥነት፣ በ40 ደቂቃ ያህል ይጨርሳል። በተመቸው ጊዜ ግን በየ20 ደቂቃው ይከፈላል! ይህ የሚሆነው የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ ሁለተኛውን ስለሚጀምር ነው፤ ያልተወለደች ልጅ ሌላ ልጅ አርግዛ እንደማለት ነው።

አንድ ኢንዛይም ሁሉንም ይሠራል የሚለው አባባል ምንጩ ግልጽ ነው፤ ቁም ጸሐፊ አንድ ሰው ነውና። አርተር ኮርንበርግ በ1956 ከባክቴሪያ ያወጡት የመጀመሪያው ዲኤንኤ ፖሊሜሬዝ በ1959 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል፤ ለተወሰኑ ዓመታትም ብዙዎች አባዢው እርሱ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1969 ግን ፓውላ ደ ሉሺያና ጆን ኬርንስ ይህ ኢንዛይም ከሞላ ጎደል የሌለውን ባክቴሪያ አገኙ፤ ባክቴሪያው ደኅና አድርጎ ይባዛ ነበር፤ የተቸገረው በአልትራቫዮሌት ብርሃን የደረሰበትን ጉዳት ለመጠገን ብቻ ነው። ዋናው አባዢ ሌላ፣ ፖሊሜሬዝ ሦስት የተባለው፣ መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ካገኙት መካከልም የራሳቸው የኮርንበርግ ልጅ ቶማስ አንዱ ነበሩ።

ፖሊሜሬዝ የሚሠራውም ብቻውን አይደለም። ድርቡን ፈትል የሚያላቅቀው ሄሊኬዝ ነው። ፖሊሜሬዝ ካለው ጫፍ ላይ ይጨምራል እንጂ ከባዶ መጀመር አይችልም፤ ስለዚህ ፕራይሜዝ አስቀድሞ አጭር የአርኤንኤ (የዲኤንኤ የቅርብ ዘመድ የሆነ ፈትል) መነሻ ይሠራለታል፤ መነሻው በኋላ ተነሥቶ በዲኤንኤ ይተካል፣ የቀረውንም ስንጥቅ ላይጌዝ ይዘጋዋል። ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ ዴልብሩክን ያስጨነቀውን ችግር የሚፈታው ቶፖአይሶሜሬዝ ነው። የከረረ ገመድ አንዱን ጫፍ አሥሮ ሁለቱን ክሮች ከሌላው ጫፍ ለማላቀቅ የሞከረ ሰው፣ ያልተፈታው ክፍል እየባሰ እንደሚከርና እንደሚጠቀለል ያውቃል። በዲኤንኤም ከመገንጠያው ፊት ያለው ክፍል እንዲሁ ይከራል። ቶፖአይሶሜሬዝ ፈትሉን ቆርጦ፣ ክረቱን አላልቶ፣ መልሶ ይቀጥለዋል፤ ዴልብሩክ «ሳይቆረጥ አይሆንም» ሲሉ በዚህ በኩል አልተሳሳቱም ማለት ነው። ይህ የላቦራቶሪ ወሬ ብቻ አይደለም። ሰው ከመድኃኒት ቤት «ሲፕሮ» ብሎ የሚገዛው ሲፕሮፍሎክሳሲን ባክቴሪያን የሚገድለው ጋይሬዝ የተባለውን የባክቴሪያ ቶፖአይሶሜሬዝና የቅርብ ዘመዱን ቆርጠው መልሰው እንዳይቀጥሉ አድርጎ ነው። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ፖሊሜሬዝ ብቻ ቢሆን ሲፕሮ ማንንም ባላዳነ ነበር።

አሁን ከሁሉ ከባድ ወደምለው ደረስኩ፤ «ቅጂው አይሳሳትም፣ ሚውቴሽን ከውጭ ብቻ ይመጣል» ወደሚለው። ፖሊሜሬዝ ራሱ ከ100,000 ፊደል በአንዱ ገደማ ይስታል። በአንድ የሰው ህዋስ ውስጥ ስድስት ቢሊዮን ገደማ ጥንዶች ስላሉ፣ እርማት ባይኖር በአንድ ክፍፍል 60,000 ያህል ስሕተት ይገባ ነበር። ለዚህ ፀሐይም ኬሚካልም አያስፈልግም። ከፊደሎቹ አንዱ የሃይድሮጅን አቶሙን ቦታ ለቅጽበት ሲያዛውር ከማይገባው ጥንድ ጋር ይገጥማል፤ ያቺ ቅጽበት ፖሊሜሬዝ ከሚያልፍባት ቅጽበት ጋር ከገጠመች ስሕተቱ ተጻፈ። ስሕተት የኬሚስትሪው የራሱ ጠባይ ነው፤ ፀሐይና ኬሚካል የሚጨምሩት በዚህ ላይ ነው።

እርማቱ ደረጃ በደረጃ ነው። የመጀመሪያው በራሱ በፖሊሜሬዝ ውስጥ አለ፤ የማይገጥም ፊደል ሲያስገባ ይቆማል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ነቅሎ ያወጣዋል፣ እንደገናም ይሞክራል። ይህ ስሕተቱን ከአሥር ሚሊዮን ፊደል ወደ አንድ ገደማ ያወርደዋል። ቀደም ብሎ ያነሣሁት የአንድ አቅጣጫ ግዴታም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ፊደልን ለማጣበቅ የሚያስፈልገው ኃይል የሚመጣው ከሚገባው ፊደል ከራሱ ስለሆነ፣ የተሳሳተው ቢነቀል ቀጣዩ የራሱን ኃይል ይዞ ይመጣል። ፈትሉ በሌላው ጫፍ የሚያድግ ቢሆን ኖሮ ኃይሉ ያለው በፈትሉ ጫፍ ላይ ይሆንና፣ ስሕተት በተነቀለ ቁጥር ኃይሉ አብሮ እየተነቀለ ሥራው ይቆም ነበር። የኦካዛኪን ቁርጥራጮች ያህል ውጣ ውረድ ህዋስ የሚታገሠው ለእርማት ሲል ነው የሚለው ማብራሪያ በሰፊው ተቀባይነት ያለው ነው፤ እኔንም ያሳምነኛል።

ሁለተኛው እርማት ግን ከቁም ጸሐፊው ምሳሌ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ፖሊሜሬዝ አልፎ ከሄደ በኋላ አዴኒን ከሳይቶሲን ጋር ተጋጥሞ ቀርቷል እንበል። ከሁለቱ አንዱ ስሕተት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ግን የትኛው? አዴኒኑን ማንሣትም ሳይቶሲኑን ማንሣትም ጥንዱን ያስተካክላል፤ አንደኛው ውርሱን ያድናል፣ ሌላው ስሕተቱን ለዘላለም ያጸድቃል። ህዋሱ መልሱን የሚያገኘው የትኛው ፈትል አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ በማወቅ ነው። በኢ. ኮላይ ዘንድ አሮጌው ፈትል በየቦታው ሜቲል የተባለ ትንሽ ምልክት ተለጥፎበታል፤ አዲሱ ላይ ግን ምልክቱ የሚለጠፈው ዘግየት ብሎ ነው። በእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አራሚዎቹ ፕሮቲኖች ምልክት የሌለውን ፈትል ቆርጠው፣ ምልክት ያለውን እንደ ምስክር ይዘው ያርሙታል። በሰው ህዋስ ይህ ምልክት አይሠራም፤ በዚያ አዲሱን ፈትል የሚያሳብቀው ገና ያልተዘጋው ስንጥቁ ነው። ይህን የእርማት መንገድ ያጠኑት ፖል ሞድሪክ በ2015 ከቶማስ ሊንዳልና ከአዚዝ ሳንጃር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፍለዋል። በዚህ ሁሉ ስሕተቱ ከአንድ ቢሊዮን ፊደል ወደ አንድ ወይም ከዚያም በታች ይወርዳል። የእርማቱን ዘረ መሎች ተበላሽተው የወረሱ ሰዎች በለጋ ዕድሜያቸው ለትልቁ አንጀት ካንሰር መጋለጣቸው ሥራው የቅንጦት እንዳልሆነ ያሳያል።

ስለ ብራና የማውቀው ጥቂት ስለሆነ፣ ጽሕፈቱን ከሚያውቁ አንድ መሪጌታ ጎረቤቴ ጠይቄ ነበር። እርሳቸው እንደነገሩኝ፣ ያለቀ መጽሐፍ ከአብነቱ ጋር እየተነበበ ይታያል፣ የተሳሳተው በቢላ ይፋቃል፤ ነገር ግን አብነቱ በውሰት የመጣ ከሆነ ወደ ደብሩ ይመለስና፣ ከዚያ ወዲያ የተገኘ ስሕተት በግምት ካልሆነ አይታረምም። ህዋስም የጸሐፊውን ምሳሌ የሚከተል ቢሆን ኖሮ ችግሩ ይኸው ነበር፤ አብነቱ ሙሉ ሆኖ አንድ ቦታ፣ ቅጂው ሙሉ ሆኖ ሌላ ቦታ፤ በአዲሱ ድርብ ፈትል ውስጥ ሁለቱም ፈትሎች አዲስ ስለሆኑ ከሁለቱ የትኛው እንደተሳሳተ የሚመሰክር አሮጌ አይኖርም። የቁም ጸሐፊውን ምሳሌ ማዳን ከተፈለገ እንዲህ መባል አለበት፤ መጽሐፉ ከጀርባው ይገነጠላል፣ ግራ ገጾቹ ለአንዱ፣ ቀኝ ገጾቹ ለሌላው ጸሐፊ ይሰጣሉ፣ እያንዳንዱም የጎደለውን ገጽ ፊት ለፊቱ ካለው አሮጌ ገጽ ተነሥቶ ይጽፋል፤ ሁለቱ መጻሕፍትም እያንዳንዱ አዲስ ገጽ ከአሮጌ ምስክሩ ጋር ተጠርዞ ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ደብተራ አይቼ አላውቅም፤ ህዋስ ግን የሚሠራው እንዲህ ነው።

ይህ ሁሉ እርማት እያለም የሚያመልጥ አለ። አንድ ሕፃን ከእናቱም ከአባቱም ያልነበሩ ከ60 እስከ 70 ገደማ አዳዲስ ለውጦች ይዞ ይወለዳል፤ የሚበዙትም በአባት ወገን የሚመጡ ናቸው፤ የአባት ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የዘር ህዋሱ የተባዛበት ዙር እየበዛ ይሄዳልና። ከእነዚህ አብዛኞቹ ጉዳትም ጥቅምም የላቸውም።

የቀሩት ነጥቦች አጭር መልስ ይበቃቸዋል። የሰውነታችን ህዋስ ሁሉ በየቀኑ ዲኤንኤውን አያባዛም፤ የበሰለ ቀይ የደም ህዋስ ኒውክለስ ስለሌለው የሚያባዛው የለውም፣ የአንጎል ነርቭ ህዋሶችም በአመዛኙ አይከፈሉም። የአንጀት ሽፋንና የአጥንት መቅኔ ህዋሶች ግን ሥራ አይፈቱም። ፒሲአርን በተመለከተ፣ ኬሪ መሊስ በ1983 ያሰቡት ይህ ዘዴ ፖሊሜሬዝን ከተፈጥሮ ተውሷል፤ ነገር ግን ፈትሉን የሚያላቅቀው ሄሊኬዝ ሳይሆን 95 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ሙቀት ነው፣ መነሻውም በሰው እጅ የተሠራ የዲኤንኤ ቁራጭ ነው፤ የኦካዛኪ ቁርጥራጭም ላይጌዝም የለበትም። አንድ ነው ማለት ወፍጮ ቤትና ሙቀጫ አንድ ናቸው እንደማለት ነው።

በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ ያባዛል ለሚለውም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሊሽማኒያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ፤ ወደ መተማ ቆላ ለቀን ሥራ ወርደው ካላ አዛር የተባለው በሽታ ይዟቸው የሚመለሱ ሰዎች እዚያ ይታከማሉ። የበሽታው አምጪ ሊሽማኒያ በኒውክለሱ ካለው ዲኤንኤ ሌላ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ክብ ዲኤንኤዎች እንደ ጥሩር ቀለበት እርስ በርስ ተቆላልፈው የተሠሩበት መረብ አለው። ሲባዛ እያንዳንዱ ቀለበት ከመረቡ ይፈታል፣ ለብቻው ይባዛል፣ ልጆቹም ተመልሰው በመረቡ ዳር ይቆለፋሉ። የጥንዶቹ ሕግ አንድ ነው፤ አሠራሩ ግን ሲዘረዘር እንዲህ ይለያያል።

«እስከ ሌላው ጫፍ ይዘልቃል» የሚለውም አንድ እርማት ይፈልጋል። ቁርጥራጩ ፈትል የመጨረሻው መነሻ ሲነሣለት የሚተካው ስለማይኖር፣ የክሮሞዞማችን ጫፍ በየክፍፍሉ ጥቂት ጥቂት ያጥራል። ጫፉ ላይ ቲቲኤጂጂጂ የሚል ቃል በሺዎች ጊዜ ተደጋግሞ የተጻፈው የሚያልቀው ጥቅም ያለው ዘረ መል እንዳይሆን ነው። ይህን ጫፍ የሚያስረዝመውን ቴሎሜሬዝ ኤልዛቤት ብላክበርንና ካሮል ግራይደር ቴትራሃይሜና ከተባለ ባለ አንድ ህዋስ የኩሬ ፍጥረት አግኝተው፣ በ2009 ከጃክ ሾስታክ ጋር ኖቤል ተሸልመዋል፤ በአብዛኞቹ የአዋቂ ሰው ህዋሶች ውስጥ ግን ኢንዛይሙ አይሠራም።

ጽሑፉ እንደገና የሚባዛ ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የሦስተኛው ገጽ ሥዕል ቢታረም እመርጣለሁ፤ የታችኛው ቀስት ወደ ግራ ይዙር፣ አንድ ረጅም ቀስት መሆኑም ቀርቶ ሦስት አራት አጫጭር ቀስቶች ይሁን። ተማሪዬ ሥዕሉን በቀይ እስክሪብቶ እንዲሁ አርማ መልሳ አምጥታልኛለች። ቁርጥራጮቹ የሚገጣጠሙበትን ላይጌዝ ሳታሳይ ስለቀረች ከሁለቱ ነጥብ የመለስኩላት አንዱን ነው።